መሠረቱ ወጥቷል ያልኩ ቀን

ሲያትል ያለ ሐበሻ እኔን የሚያውቀኝ በሥራዬ አይደለም፤ በማይክ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ሕንፃ ሊገዛ ሲል፣ የታመመ ሰው ሊታከም ሲል፣ አስከሬን ሀገር ቤት ሊሸኝ ሲል፣ ማይኩ ዞሮ ዞሮ እኔ እጅ ይገባል። ሬኒየር ቢች ያለው የማኅበረሰብ አዳራሽ ውስጥ እኔ ጨረታ መርቼ ሳይሸጥ የቀረ ጃንጥላ የለም። ጉራ እንዳይመስላችሁ፤ የፈለጋችሁትን ሰው ጠይቁ። ሰው አስቃለሁ፣ አስለቅሳለሁ፣ በመጨረሻም ኪሱን አስፈትሻለሁ።

ይህን ነገር ያስተማሩኝ ጋሼ የምላቸው አንድ የደብራችን ሽማግሌ ናቸው። መጀመሪያ ማይክ የያዝኩ ቀን «ወገኖቼ፣ ምንም የለንም፣ እባካችሁ እርዱን» ብዬ ስጀምር ሰዉ ሁሉ ስልኩን መነካካት ያዘ። ጋሼ ጠጋ ብለው «ምን ነካሽ አንቺ ልጅ?» አሉኝ በጆሮዬ። «የለንም ስትያቸው ያዝኑልሻል እንጂ አይሰጡሽም። ጀምረናል በያቸው! መሠረቱ ወጥቷል፣ ግድግዳው ቆሟል፣ የቀረን ጣሪያው ነው በያቸው።» እንዳሉኝ አልኩ። ወዲያው እጅ መውጣት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ «ጀምረናል» ሳልል የለመንኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። እኛ ዘንድ የሚረዳው ተፍ ተፍ ያለ ሰው ነው፤ እጁን አጣጥፎ ለሚጠብቅ ማን ዞር ብሎ ያያል?

በሥራ ቀን ግን ሌላ ሰው ነኝ። ቢሮዬ ሶዶ በሚባለው የሲያትል ሰፈር ውስጥ ነው፣ ከመጋዘኖቹ መሀል፤ የጭነት ባቡር ባለፈ ቁጥር ጠረጴዛዬ ይንቀጠቀጣል። ኩባንያችን ለባትሪ የሚሆን ጥቁር ዱቄት ይሠራል። አውሮፓም ቅርንጫፍ ስላለው እዚያ በተጀመረ አንድ የጋራ ፕሮጀክት ውስጥ ገባ፤ እኔም አስተባባሪ ተደረግኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። አውሮፓ ውስጥ አንድ መንግሥት ብድግ ብሎ ለራሱ ፋብሪካ ድጎማ ልስጥ ቢል ጎረቤቱ ይጮሃል፤ «ያንተ እየተደጎመ የኔ ይዘጋ?» ይላል። ስለዚህ ትልቅ ሥራ ሲታሰብ የብዙ ሀገር ኩባንያዎች አንድ ላይ ይሰባሰባሉ፣ እያንዳንዱ መንግሥት የራሱን ኩባንያ ይደጉማል፣ ብራስልስ ያሉት የአውሮፓ ኅብረት ሹሞች ደግሞ ይሄ ነገር ለሁሉም ይበጃል ወይስ አንዱን ብቻ ያወፍራል ብለው መርምረው ይፈቅዳሉ ወይም ይከለክላሉ።

አምስት መንግሥታት ነበሩብን። አምስት አማት አንድ ሠርግ ሲደግሱ አስቡት። አንዱ ሚኒስቴር «ምርጫ ደርሶብኛል፣ ታገሱኝ» ይላል። ሌላው ፓርላማው በጀቱን ካላጸደቀለት ትንፍሽ አይልም። ሌላው «እነሱ ሳይፈርሙ እኔ አልፈርምም» ይላል፣ እነሱም ስለሱ እንደዚያው ይላሉ። ሶ፣ እኔ ገና ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ፣ በባቡር ሶዶ ደርሼ፣ እነሱ የቀን ሥራቸውን ሊጨርሱ ሲሉ ሁሉንም ስክሪን ላይ እሰበስባለሁ። አንዱን አባብላለሁ፣ አንዱን እቆጣለሁ፣ የተኳረፉትን አስታርቃለሁ። ደሞ ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

ከሁሉም ደንብ የመጀመሪያው አንድ ነው። ድጎማ የሚሰጠው ያለ ድጎማ ለማይሠራ ሥራ ብቻ ነው። ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት አንድ አካፋ አፈር እንኳ ከተነሳ፣ «ይሄማ እኛ ባንኖርም ይሠራ ነበር» ተብሎ ይሰረዛል። ይህን ለሁሉም ኩባንያዎች ያስረዳኋቸው እኔ ነኝ። በቪዲዮ፣ ሥዕል እያሳየሁ። ጥያቄ ያለው ካለ ብዬም ጠይቄያለሁ።

ከኩባንያዎቹ ሁሉ ትንሹ የአንድ አዛውንት ነበር። አባታቸው ያወረሷቸው የሸክላ ፋብሪካ አላቸው፣ አንዲት ትንሽ ከተማ ዳር። እሳት የማይበግረው ትሪ ይሠራሉ፤ የባትሪ ዱቄት እዚያ ላይ ተደርጎ ነው ምድጃ የሚገባው። እንግሊዝኛቸው እንደ እኔው ነው፣ እየተደናቀፈ ይሄዳል። በእንግሊዝኛ አንቱ የሚባል ነገር ባይኖርም እኔ በልቤ እርስዎ ነበር የምላቸው። የድሮው ምድጃቸው አርጅቷል፣ የዛሬ ገዢ የሚፈልገውን ትልቁን ትሪ አይችልም። አዲስ ምድጃ ካልገባላቸው ፋብሪካው ቀስ በቀስ መዘጋቱ ነው፤ ከተማው ውስጥ ደግሞ ለሠራተኞቻቸው ሌላ ሥራ የለም። ይህን ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ። «ከእኔ ጋር ያረጁ ሰዎች ናቸው፣ የት ይሂዱ?» ብለውኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ሌሎቹ ከቪዲዮ ኮሉ ሲወጡ እሳቸው ቀሩና «ነይ ላሳይሽ» አሉኝ። ስልካቸውን ይዘው ከፋብሪካው ጓሮ ወጡ። ሰፊ፣ ልስልስ ያለ የኮንክሪት መሠረት። ለአዲሱ ምድጃ ቤት ነው። «ከራሴ ነው ያስወጣሁት» አሉ። «መንግሥትን የምጠይቀው ምድጃውን ነው፤ መሬቱንማ እኔ ላዘጋጅ ብዬ ነው።» ፊታቸው በራ። እኔም እልል ማለት ነው የቀረኝ። «ጎበዝ! እንዲህ ነው እንጂ!» አልኳቸው። ያ ያስረዳሁት ደንብ ለአፍታ እንኳ ብልጭ አላለልኝም። ደንቡን የማውቀው በእንግሊዝኛ ነው፤ ደስታው የመጣብኝ በአማርኛ ነበር። ይሄ ማመካኛ እንደማይሆን አውቃለሁ።

ከዚያ ትልቁ ሚቲንግ መጣ፤ እሱም እንደ ሌላው በስክሪን ነው። የአምስቱም ሚኒስቴሮች ሰዎችና ብራስልስ ያሉት ባሉበት እያንዳንዱ ኩባንያ ራሱን የሚያስረዳበት ቀን ነው። ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ ማይክ ይዤ ስጮህ ውዬ ድምፄ ገና አልተመለሰም። ትልልቆቹ ኩባንያዎች አለፉ። የአዛውንቱ ተራ ሲደርስ ተርበተበቱ። አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ይሉታል፣ ሥዕሉ አልከፍት ይላቸዋል። የአንዱ ትልቅ ሀገር ሹም ጉንጩን በእጁ ደግፎ «ለመሆኑ እንዲህ ያለ ትንሽ ድርጅት ይህን ሥራ በእርግጥ ይጀምረዋል? በትልቅ ድርጅት ብንተካው አይሻልም?» አለ። እሳቸው እዚያው እየሰሙት! የራሳቸው ሀገር ሹም ደግሞ መልስ እንደመስጠት አንገቱን ደፋ።

ደም ስሬ ተገተረ። አስተባባሪ እንዲህ ባለ ሰዓት ዝም ነው የሚለው። እኔ ግን ሚዩቴን ከፈትኩና ጋሼ እንዳስተማሩኝ ለቀቅኩት። «ይጀምረዋል ወይ ትላላችሁ? እኚህ ሰው እኮ እጃቸውን ዘርግተው የተቀመጡ ሰው አይደሉም! ጀምረዋል! መሠረቱ ወጥቷል! እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ የቀራቸው ምድጃው ብቻ ነው!»

አዳራሽ ቢሆን ኖሮ ጭብጨባ ነበር። እዚህ ግን ጸጥ አለ። ዝምታው ትንሽ ሲረዝም ነው ደንቡ ትዝ ያለኝ። ወይኔ! አፌን በቆረጠው! ካሜራዬን ማጥፋት አማረኝ። ከብራስልስ የነበሩት ሴትዮ መነጽራቸውን አወለቁና በጣም በትሕትና «መሠረቱ መቼ ነው የወጣው?» ብለው ጠየቁ። እኔን አይደለም፣ አዛውንቱን።

መዋሸት ይችሉ ነበር። «ባለፈው ሳምንት» ቢሉ የሚያስጨንቃቸው የለም፣ ማንም መጥቶ አፈሩን አይቆፍርም። እሳቸው ግን የተመሰገኑ መስሏቸው ፈገግ እንዳሉ «በረዶ ሳይወርድ» አሉ። «በብርድ ኮንክሪት አይሆንም ብዬ ነው።» ማመልከቻቸው የገባው በረዶው ከቀለጠ በኋላ ነበር። ሴትዮዋ «አመሰግናለሁ» ብለው ጻፉ። የአዛውንቱ ፈገግታ ከፊታቸው ላይ ሲጠፋ አየሁ። ቀስ ብሎ ነው የጠፋው፤ አንድ ሰው አጠገባቸው ሆኖ በቋንቋቸው የሆነ ነገር ሹክ ሲላቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነቴን ነው።

ሰረዟቸው። የገዛ መንግሥታቸው ነው የሰረዛቸው፣ ሌላ ምርጫም አልነበረውም። ሌላ ሥራ ይዘው እንዳይመጡ የማመልከቻው ጊዜ አልፏል። ባንኩም መንግሥት የሌለበትን ነገር አልነካም አላቸው። የተቀረው ፕሮጀክት ግን ቀጠለ። ከእሳቸው በቀር ማንም አልተጎዳም፤ ያ ጉንጩን የደገፈው ሹም እንኳ ደህና ነው።

የሚገርመው ደግሞ ገና ነው። አለቃዬ እዚሁ ሶዶ ከእኔ ቢሮ ሁለት በር ዘለል ብላ የምትሠራ ፈረንጅ ናት። በማግስቱ ጠራችኝ። ልታባርረኝ ነው ብዬ ዕቃዬን በዓይኔ መሰብሰብ ጀምሬ ነበር። በሩን ዘግታ «ያደረግሽው ቀላል ነገር አይደለም» አለችኝ። «ሰውየው ወዳጅሽ እንደሆኑ አውቃለሁ። ግን ይሄ ነገር ድጎማው ከተሰጠ በኋላ ቢወጣ ኖሮ የሁሉም ስም ይጠፋ ነበር፣ ምናልባት ፕሮጀክቱም ይፈርስ ነበር። አንቺ ግን እዚያው ሁሉም ባለበት ግልጽ አደረግሽው። ሐቀኛ ነሽ።»

አስቤ የተናገርኩ መስሏታል! ለሁሉም እንደዚያ ነበር የመሰላቸው። ለብራስልሶቹም፣ ለሹሞቹም። አንዷ እንዲያውም ስለ ድፍረቴ ኢሜይል ላከችልኝ። አስተባባሪዋ ደንቡን ረስታ እንደ እሑድ ጨረታ ጮኸች ብሎ የሚጠረጥር ማን አለ? «ኖ፣ ላሞግሳቸው ብዬ ነው» ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ያን ካልኩ የማልረባ አስተባባሪ ነኝ፤ ዝም ካልኩ ሐቀኛ ነኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ «ታንክ ዩ» አልኩ። ቀጥላ ለሚመጣው ፕሮጀክት ዋና አስተባባሪ አደረገችኝ። ከቢሮዋ ስወጣ ፊቴ በርበሬ መስሎ ነበር፤ ቢሮ ያሉት ተደስታ ነው ብለው አሰቡ።

ከዚያ በኋላ ማይክ አልያዝኩም። ጋሼ ደውለው «የት ጠፋሽ? ሰዉ እኮ ያለ አንቺ አልሰጥም አለ» ሲሉኝ ጉሮሮዬን አሞኛል አልኳቸው። ጉንፋን የቆየብኝ መስሏቸው ዝንጅብል በማር አዘዙልኝ።

በጋ ላይ ሽርካዎቹ ሁሉ ሲያትል መጡ። በየዓመቱ ኩባንያችን ይጠራቸዋል፣ ሶዶ ያለውን ላቦራቶሪ ያያሉ፣ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ። አዛውንቱ ይመጣሉ ብዬ አልጠበቅኩም፤ ከፕሮጀክቱ ወጥተዋላ። ከታክሲ ሲወርዱ ሳያቸው በኋላ በር ሹልክ ልል አሰብኩ። «ትኬቱን አስቀድሜ ገዝቼው ነበር፤ ደሞም የተጠራሁበት ቦታ መቅረት አልወድም» አሉኝ። የደንቡን ጨዋታ አላነሱም። ሁሉንም ሰላም እያሉ ዞሩ። ጉንጩን ደግፎ የነበረውን ሹም ጭምር።

በማግስቱ ምሳ ልጋብዝዎ አልኳቸው። ቸሪ መንገድ ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች አንዱ ጋ ወሰድኳቸው። የወሰድኳቸው ይቅርታ ልጠይቃቸው ነው። ለዚያ ብዬ ሌሊቱን በእንግሊዝኛ ስለማመድ አድሬያለሁ። ፓርክ አድርጌ፣ ገብተን፣ ጥግ ይዘን ተቀመጥን። በእጅ እንደሚበላ ሳሳያቸው ሳቅ እያሉ ሞከሩት፤ ምስሩን ወደዱት። ስለ ፋብሪካው ጠየቅኳቸው። የድሮው ምድጃ እየተጠገነ ይሠራል፣ ግን ሰው መቀነስ ጀምረዋል አሉ። መሠረቱ ላይ ሠራተኞቹ መኪናቸውን ያቆሙበታል። «ደህና ፓርኪንግ ወጣው» ብለው ሊቀልዱ ሞከሩ። እኔ አልሳቅኩም።

ከዚያ እኔ ሳልጀምር እሳቸው ጀመሩ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አሉኝ። «ያን ቀን በጣም ተናድጄብሽ ነበር። እንደ ወዳጅ ያሳየኋትን ነገር ሰው ፊት አወጣችብኝ ብዬ። እንቅልፍም አጣሁ። በኋላ ግን ረጋ ብዬ ሳስበው ነገሩ ሌላ ሆነ። ብትደብቂልኝ ኖሮ አንድ ቀን ይታወቅና ያ ሁሉ ሰው በእኔ ምክንያት ይወድቅ ነበር። ሠራተኞቼን ሰበሰብኳቸው። ይህችን ሴት እንዳትረግሟት አልኳቸው። ወዳጄ ሆና ሳለ ሥራዋን የሠራች ሰው ናት፤ እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ያንኑ ነበር የማደርገው አልኳቸው።»

«ምን አሉ?» አልኩ።

«ተረዱኝ። እንዲያውም ቀለል አላቸው። ሰው አታለለን ከማለት ለእውነት ብለን ነው የቀረብን ማለት ይሻላል። አንዱማ፣ የሁሉም ሽማግሌ የሆነው፣ እንዲህ ከሆነስ ይሁን አለ። ስለዚህ ፊትሽን ከእኔ አታዙሪ። ትናንት ስትሸሺኝ አይቻለሁ።»

ጉርሻዬ አፌ ውስጥ ቀረ። ዝም ማለት ነበረብኝ። ዛሬ ሳስበው፣ በሕይወቴ ዝም ማለት የነበረብኝ አንድ ቀን ቢኖር ያ ነው። ሰውየው የሚጽናኑበትን ነገር አግኝተዋል፤ ሠራተኞቻቸውም አግኝተዋል። እኔ ግን አልቻልኩም። አለቃዬ ስታሞግሰኝ ችዬው ነበር፤ እሳቸው ሲያሞግሱኝ ግን ቆዳዬ ሁሉ ተቃጠለ። «ኖ» አልኩ። «እንደዚያ አይደለም።» ከዚያ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ስለ ማይኩ፣ ስለ ጋሼ፣ እኛ ዘንድ እርዳታ ሲጠየቅ ጀምረናል እንደሚባል፣ ሹሙ ሲንቃቸው እንዴት እንደተናደድኩ። አስቤ እንዳልሆነ። ላሞግሳቸው ብዬ እንደሆነ። እየተቻኮልኩ፣ እጄን እያወራጨሁ።

አልተቆጡም። ጣታቸውን በናፕኪን አንድ በአንድ ጠረጉ።

«ደንቡን ታውቂው ነበር?» አሉኝ።

«አውቀዋለሁ። እኔው ነኝ ያስረዳኋችሁ።»

«ታዲያ?»

«ረሳሁት።»

አጠገባችን ያሉት ሰዎች ስለ ኳስ ይሟገታሉ፣ አንዷ አስተናጋጅ መጥታ ውሃ ጨመረችልን። እሳቸው ሳህኑን ነው የሚያዩት።

«እንግዲያው ማንም አስቦበት አይደለም» አሉ በመጨረሻ፤ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ነው። «አንቺም አላሰብሽበትም፣ እኔም አላሰብኩበትም። እንዲያው ከአፍ አምልጦ ነው።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ሠራተኞቼን አሁን ምን ልበላቸው?»

ምግቡን አልጨረሱም፤ «ጠግቤያለሁ፣ ጥሩ ምግብ ነው» አሉ። ሆቴላቸው ድረስ ነዳሁ። መንገድ ላይ ስለ አየሩ አንድ ነገር አሉ፣ እኔም ስለ አየሩ መለስኩላቸው። በሩን ከፍተው ሲወርዱ ኮታቸውን አስተካከሉ፣ ስለ ምሳው አመሰገኑኝ፣ እጄን ጨበጡኝና ገቡ።

እኔ ቀለል ብሎኝ ነበር፤ ያሳፍራል፣ ግን ቀለል ብሎኝ ነበር። ከኋላዬ ያለ መኪና ክላክስ እስኪነፋብኝ ድረስ እዚያው ቆምኩ። መሪውን ሳዞር ነው ድንገት የገባኝ። ያን ሁሉ ለፍልፌ፣ ያን ሁሉ አስረድቼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ አላልኳቸውም።